ኮምፔንሴተሩ ያለ ዕድሜው ሲበላ፦ ይታደስ፣ ይቀየር ወይስ ይውጣ?

ሞተር ሳይክሉን ልታስነሱ ቁልፉን ስትጫኑ ከግራ በኩል «ቋ!» ይላል። መዶሻ ባዶ በርሜል ላይ እንዳረፈ። ከዚያ ሞተሩ ይነሳል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ከሳምንት በኋላ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይሆናል። ቀጥሎ ሚኒሞ ላይ መንኳኳት ይጀምራል። ነዳጅ ስትሰጡት ይጠፋል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ብዙ ሰው ኮምፔንሴተር የሚባል፣ የሞተሩን ምት የሚያለዝብ ዕቃ እንዳለው የሚያውቀው ይሄኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሩጫው ወደ ዕቃ መግዛት ነው። የትኛው ይሻላል? የትኛው ይጠነክራል? እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የመጀመሪያውን ምን ገደለው? ይህን ሳታውቁ ምርጡን ዕቃ ብትገጥሙም ያው ነው፣ ትንሽ ቆይቶ የቀድሞውን ይከተላል። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው ለየትኛው ችግር የትኛው እንደሚሆን እያየሁ ነው።

ዕቃው የሚሠራው ሥራ

ትልልቆቹን የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተሮች እንውሰድ፤ ወሬው የሚበዛው በእነሱ ነውና። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው ይቆማሉ። ሁለቱም ቢየላዎች፣ ማለትም ፒስተኖቹን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ከኮሎው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች፣ አንድ ፒን ይጋራሉ። በዚህ የተነሳ ፍንዳታቸው እኩል አይራራቅም። አንዱ ከፈነዳ በኋላ ሌላው በ315 ዲግሪ ይከተላል። የሚቀጥለው ደግሞ 405 ዲግሪ ይጠብቃል። ያ ታዋቂው አንካሳ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጆሮ ይወደዋል፣ ኃይሉን ከኮሎው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚወስደው ካቴና ግን አይወደውም። ኮሎው እየተገፋና እየዘገየ ስለሚዞር ካቴናውን በምት በምት ነው የሚስበው።

ኮምፔንሴተሩ ኮሎው ጫፍ ላይ፣ ይህ ካቴና በሚዞርበት ክፍል፣ በፕራይመሪው ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል። ካቴናውን የሚነዳው ባለጥርስ መዘውር፣ ማለትም ስፕሮኬቱ፣ ከኮሎው ጋር ድርቅ ብሎ አልታሰረም። በመካከላቸው ፊቱ ዳገትና ቁልቁለት ሆኖ የተሠራ ካም አለ። ካሙን ሞላ ይገፋዋል። ሞላው ጥቅልል እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ሰሃን የጎበጡ ወፋፍራም ሮንዴላዎች ተደርድረው ነው። ፍንዳታው ሲመታ ዳገቱ ይወጣል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ ምቱ ይለዝባል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሞተሩ በ1,000 ዙር ሲሄድ ይህ በሴኮንድ ወደ 17 ጊዜ ይደጋገማል፤ ብረት ብረት ላይ እየተንሸራተተ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ኮሎውን በቀጥታ አያዞረውም። የፍሪሲዮኑን ቅርጫት ያዞራል፣ ቅርጫቱ ካቴናውን ይስባል፣ ካቴናው ኮምፔንሴተሩን፣ ኮምፔንሴተሩ ኮሎውን። እያንዳንዱ ማስነሳት ማለት ኃይል በተገላቢጦሽ መንገድ ያልፍበታል ማለት ነው። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው ፒስተኑን ከጫፍ ማሳለፍ ሲያቅተው፣ ፍንዳታው ኮሎውን ወደ ኋላ ይመታዋል። ሞተሪኖ ወደፊት፣ ኮሎ ወደ ኋላ፤ መሐል ላይ ያለው ማን ነው? እሱ ነው «ቋ!» የሚለው።

ለምን ያለ ጊዜው ይበላል

በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ትዊን ካም 96 የተባለው የሃርሊ ሞተር ሲመጣ መጠኑ ከ1,450 ወደ 1,584 ሲሲ አደገ፣ 6ኛ ማርሽ ተጨመረ። ዳይና የሚባሉት ሞዴሎች 6ኛውን ማርሽ ያገኙት ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። ፕራይመሪውም አብሮ ተቀየረ። ኮሎው ላይ 34 ጥርስ፣ ፍሪሲዮኑ ላይ 46 ጥርስ ሆነ። የእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ኮምፔንሴተር ቶሎ በመበላት ስም አውጥቷል። በኋላ ፋብሪካው ራሱ ዲዛይኑን ደጋግሞ ማሻሻሉ ዝም ብሎ አይደለም።

ዋናው ጣጣ ዘይት ነው። ፕራይመሪው ውስጥ ፓምፕ የለም። ዘይት የሚዳረሰው ካቴናው ከታች እየዛቀ ሲረጨው ነው። ዳገቶቹ ደግሞ ከስፕሮኬቱ ጀርባ ተደብቀዋል። ዙሩ የሚያሽከረክረው ነገር ሁሉ ዘይትን ወደ ውጭ ነው የሚወረውረው። እንግዲህ ዘይቱ ከውጭ ወደ መሐል እንዲገባ ነው የሚጠበቀው። በጥሩ ጊዜም ጥቂት ነው የሚደርሰው፤ መጠኑ ከጎደለ ምንም አይደርስም።

ሁለተኛው አነዳድ ነው። 6ኛው ማርሽ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩን ወደ 2,000 ዙር ገደማ ያወርደዋል። ጸጥ ይላል፣ ደስ ይላል። ዳገት ሲመጣ ማርሽ ሳይቀንሱ ነዳጅ መጨመር ግን ኮምፔንሴተሩን በቡጢ መምታት ነው። ዙሩ ዝቅ ሲል ምቶቹ ይራራቃሉ፣ እያንዳንዱ ምት ይከብዳል። ሞላው እስከ መጨረሻው ይጨመቅና ብረት ከብረት ይጋጫል።

ሦስተኛው ባትሪ። ስለ እሱ ከላይ ብያለሁ። ሞተሩ ተነካክቶ ኮምፕሬሽኑ ከፍ ካለ ደግሞ ደካማ ባትሪ በአንድ ወቅት ውስጥ አዲስ ኮምፔንሴተር ሊጨርስ ይችላል።

አራተኛው የካቴና መወጠሪያው ነው፤ ይኼኛው ሁልጊዜ የሚዘነጋ ነው። ከስድስት ማርሹ ጋር የመጣው አውቶማቲክ መወጠሪያ በጥርስ በጥርስ እየጨመረ ይወጥራል። ወደ ኋላ መመለስ አያውቅም። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ካቴናው ለአፍታ ይላላል። መወጠሪያው ያቺን አፍታ ተጠቅሞ አንድ ጥርስ ይጨምራል። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ካቴናው እንደ ክራር ክር ይወጠራል። የተወጠረ ካቴና ስፕሮኬቱን ወደ ጎን ይስበዋል፣ ስፕሮኬቱ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ቦኮላውን፣ ይበላዋል፣ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ያሞቀዋል። ኮምፔንሴተሩ እንደልቡ መንቀሳቀስ አይችልም።

ከመፍታታችሁ በፊት

ኮምፔንሴተሩ ሞተ ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ርካሽ የሆነውን መርምሩ። ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሙሉት፣ የነጌቲቩን ገመድ ጫፎች አጽዱ፣ አጥብቁ። ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሱት። ድምፁ ከጠፋ ያዳመጣችሁት የባትሪውን ለቅሶ ነበር። ከዚያ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ክፈቱና ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ዘይቱ የፍሪሲዮኑን ሰሃን ሞላ የታችኛውን ጠርዝ ሊነካ ይገባል። በጎን መቆሚያው ተጋድሞ የተለካ ዘይት ያሳስታል። ብዙ መሙላትም መድኃኒት አይደለም። ፍሪሲዮኑ ይጎትታል፣ ዜሮ ማርሽ ማግኘት ፈተና ይሆናል።

የካቴናውንም ልልነት በጣት ፈትኑ። በእጅ የሚስተካከል መወጠሪያ ላላቸው የቀድሞ ሞዴሎች የፋብሪካው ልክ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከ16 እስከ 22 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሲሞቅ ከ10 እስከ 16 ይወርዳል። አውቶማቲኩም ቢሆን ካቴናው በጣት ሲገፋ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት። ጭራሽ የማይነቃነቅ ከሆነ አንዱን ጥፋተኛ አግኝታችኋል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ መንኳኳቱ ካለ እንግዲህ መፍታት ነው።

የተበላውን ማንበብ

በቅርቡ የአንድ ጓደኛዬን ከፍቼ ነበር። ሽፋኑን ሳወርድ መጀመሪያ የሸተተኝ የተቃጠለ ዘይት ነው። ስፕሮኬቱን ስስበው ከጀርባው ቀይ ቡናማ ጭቃ ወጣ። ዝገት ይመስላል፣ ግን ዘይት ውስጥ ዝገት ምን ሊሠራ ይመጣል? ዘይት ሳያገኝ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣ ዱቄት ነው። ጨርቅ ላይ አሻሸሁት፣ በጣት መካከል እንደ ደቃቅ አሸዋ ይቆረቁራል። ዳገቶቹን አጥቤ ጥፍሬን በላያቸው ሳሳልፍ መሐል ላይ ያዘኝ። ደረጃ ሠርቷል። ካሙ ዳገቱን መውጣት ትቶ እዚያች ደረጃ ላይ እየተደናቀፈ ነበር። ሞላዎቹ ግን ምንም አልሆኑም። ዘይቱን ስንለካው ከሚገባው በጣም አንሶ ነበር። ጓደኛዬ ጠንካራ የተባለውን ዕቃ ሊያዝ ብሩን ይዞ ቆሟል። እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁት ዘይት መቼ እንደቀየረ ነው። ሳቀ። ሳቁ መልስ ነበር።

ምልክቱ ይለያያል። ቀይ ቡናማ ዱቄትና የተቦረቦረ ዳገት ካያችሁ የዘይት ችግር ነው። ዳገቱ ንጹህ ሆኖ ሞላው ከተሰነጠቀ ወይም ጉብታው ከጠፋ፣ ከዙር በታች መንዳት ወይም ከዕቃው አቅም በላይ የሆነ ሞተር ነው። ሰሃኖቹን መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ ከአዲስ ጋር ብታስተያዩ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቦኮላው በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ካቴናው ተወጥሮ ነበር። ኮሎው ላይ የሚገቡት ቁመታቸው ላይ ጥርስ የተቀረጸባቸው ክፍሎች፣ ስፕላይን የሚባሉት፣ ከተፋቁ ደግሞ ብሎኑ ላልቶ ነበር ማለት ነው። የዲናሞው ማግኔት እዚያው ጀርባ ላይ ስለሆነ የብረት ብናኝ ሁሉ እሱ ላይ ይሰበሰባል። እሱንም ማየት አትርሱ።

አሁን ወደ ምርጫው።

ያለውን ማደስ

አዲስ ሞላና አዲስ ካም አስገብቶ ሌላውን እንዳለ መተው ነው። ሲሆን ጥሩ ነው። የሚሆነው ግን በጠባብ ሁኔታ ነው፦ ሞተሩ ያልተነካካ፣ ጉዳቱ ቀላል፣ ምክንያቱም የታወቀ ሲሆን። ለምሳሌ መወጠሪያው ብቻ ጥፋተኛ ከነበረ ማደስ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን አትሞክሩ። ካሙና ተፋጣጩ ዳገት አብረው የተላመዱ ናቸው። አንዱን ቀይሮ አሮጌውን መመለስ ብር ማባከን ነው። የተቦረቦረው አዲሱን በአጭር ጊዜ ይቦረቡረዋል። ሁለቱንም መቀየር ካለባችሁ ደግሞ ሂሳቡን ሠርታችሁ ከሙሉ ኪት ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ይጠባል፣ ማደሱም ትርጉም ያጣል።

በ2007ና በተከታዮቹ ዓመታት የመጀመሪያው ዲዛይን ከሆነ ያለው፣ በዚያው ዓይነት ማደስን አልመክርም። ያንኑ ድክመት በአዲስ ብረት መግዛት ነው።

የፋብሪካው የተሻሻለ ኪት

ፋብሪካው መጀመሪያ ስክሪሚን ኢግል በሚለው የጉልበት መስመሩ ጠንከር ያለ ኮምፔንሴተር አወጣ። ሞላው ከቀድሞው ይበረታል። ቆይቶ የዚሁ ዓይነት ዕቃ ከፋብሪካ ተገጥሞ መምጣት ጀመረ። እሱም ቢሆን ፍጹም አልነበረም። ሞላው ቢጠነክርም ዘይቱ እንደ ቀድሞው በጭንቅ ነበር የሚገባው። ከዚያ በኋላ የመጡት ማሻሻያዎች ዋና ጭንቀታቸው ዘይት ሆነ። ካቴናው የሚረጨውን ይዞ ወደ ውስጥ ማድረስ።

ለአብዛኛው ሰው ምርጫዬ ይህ ነው። ሳላቅማማ። ሞተሩ እንደወጣ ያለ ወይም ጭስ መውጫና አየር ማጣሪያ ብቻ የተቀየረለት ከሆነ፣ ረጅም መንገድ የምትነዱ፣ ኋላችሁ ሰው የምትጭኑ ከሆነ፣ የቅርቡን ስሪት ግጠሙና ተገላገሉ። ዋና ጥቅሙ ጥንካሬው አይደለም፤ ሚኒሞ ላይ ለስላሳ ነው፣ ዕቃው ነገም ይገኛል፣ መመሪያው ላይ ልኩ ተጽፏል፣ የትኛውም መካኒክ ያውቀዋል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ስሪቱ ላይ ነው። የተሻሻለ የሚባለው ኪት አንድ ብቻ አይደለም፤ ተራ በተራ የተሻሻሉ ናቸው። መደርደሪያ ላይ የቆየ አሮጌ ስሪት «የተሻሻለው» ተብሎ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ሣጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት የዕቃ ቁጥሩን ከሞዴላችሁና ከዓመቱ ጋር አመሳክሩ፣ ከቁጥሩ ጫፍ ያለችውን ፊደል ጭምር። አንዳንዱ ኪት ከጎኑ ሌላ ዕቃ መቀየር ይጠይቃል። ሞተር ሳይክሉ ተፈቶ መሬት ላይ ሳለ ይህን መስማት አትፈልጉም።

የሌላ አምራች ኮምፔንሴተር

ቤከር የተባለው አምራች የሠራው እዚህ ውስጥ ይመደባል፤ ሌሎችም አሉ። እነዚህን ሰው የሚፈልጋቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሞተሩን ያሳደገ፣ የፋብሪካው ሞላ ያልቻለለት። ሁለተኛው በፋብሪካው ዕቃ የተማረረ፣ ዳግም ማየት የማይፈልግ። የመጀመሪያው ጥሩ ምክንያት አለው። ሁለተኛውን ግን ቁጭ አድርጌ ስለ ባትሪው እጠይቀዋለሁ።

እዚህ ላይ የምትጠይቁት ጥያቄ «ስንት ኃይል ይችላል?» ከሆነ ሻጩ ደስ ይለዋል። ትልቅ ቁጥር ይነግራችኋል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ዘይት በየት በኩል ነው ዳገቱ ላይ የሚደርሰው? ሥዕል አሳዩኝ። ሞላው ብቻውን ለብቻ ይሸጣል? የዲናሞውን ማግኔት ሳይቀይር ይገባል? ካቴናውን ከፍሪሲዮኑ ጋር ለማስተካከል ማስገቢያ ሰሌዳ ይፈልጋል? የመጀመሪያውን ጥያቄ በደንብ የማይመልስ አምራች ሌላውን ቢመልስም ግድ የለኝም።

ጠንካራ ሞላ ደግሞ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ይህን ብዙዎች ከገጠሙ በኋላ ነው የሚረዱት። ለትልቅ ጉልበት የተሠራ ሞላ በመካከለኛ ሞተር ላይ አይጨመቅም። ካልተጨመቀ ደግሞ ዳገቱ አይንቀሳቀስም። ያኔ ብዙ ገንዘብ የከፈላችሁበት ኮምፔንሴተር በከተማ ፍጥነት ላይ እንደ ድርቅ ያለ ስፕሮኬት ነው የሚሆነው። እግር መርገጫው ላይ ትሰሙታላችሁ። መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሞላውን ለሞተራችሁ እንጂ ለምኞታችሁ አትምረጡ።

ድርቅ ያለው ስፕሮኬት

ኮምፔንሴተሩን ጭራሽ አውጥቶ አንድ ወጥ ስፕሮኬት መግጠም። ዳገት የለ፣ ሞላ የለ፣ የሚበላ ነገር የለ። ከኮምፔንሴተሮቹ ይረክሳል። ድምፁም ወዲያው ይጠፋል። ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ስለሆነ እኔም ረዘም አድርጌ ልቆይበት።

የደጋፊዎቹ ትልቁ ማስረጃ ቀለል ያለው የሃርሊ ሞዴል፣ የቀድሞው ስፖርትስተር ነው። ስፖርትስተር ፕራይመሪው ላይ ኮምፔንሴተር የለውም፣ እስከ ዛሬ ይሄዳል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ስፖርትስተር ቀላል ነው። ጉልበቱም የትልልቆቹን ያህል አይደለም። ሙሉ ሻንጣና ሁለት ሰው ከጫነ ከባድ ሞተር ሳይክል ጋር ማወዳደር አይሆንም። ሁለተኛው ማስረጃቸው የውድድር ሰዎች ናቸው። እሱም እውነት ነው። የውድድር ሰው ግን ሞተሩን በየጊዜው ይፈታል። እናንተ ትፈታላችሁ?

ምቱ የትም አልጠፋም። ቦታ ነው የቀየረው። ከዚህ በኋላ የሚቀበለው ካቴናው፣ የፍሪሲዮኑ ቅርጫት፣ የካምቢዮው ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖውና ኮሎው ራሱ ነው። ኮሎው ላይ ቆም እንበል። ከ1999 ጀምሮ የትዊን ካም ኮሎ በጭነት ተጨምቆ የተጋጠመ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ትልቁ የኢቮ ሞተር ግን ሾጣጣ መጋጠሚያ ላይ በዳዶ የሚታሰር ነበር። ተጨምቆ የተጋጠመ ኮሎ ኃይለኛ ምት ሲደጋገምበት መጋጠሚያው ላይ ሊዞር፣ ሊወላገድ ይችላል። አንዴ ከተወላገደ የምታወሩት ስለ ስፕሮኬት ሳይሆን ሞተር ስለማውረድ ነው። ቀድሞውኑ የተወላገደ ኮሎ ላይ ድርቅ ያለ ስፕሮኬት መግጠም ደግሞ ውልግድግዱን በቀጥታ ወደ ካቴናውና ኩሽኔታው ማስተላለፍ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የኮሎውን ጫፍ በመለኪያ ሰዓት ያስለካ። ያለዚያ ቁማር ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «የኋላው ጎማ ላይ ላስቲክ አለ፣ እሱ ይበቃል» ይላል። ከ2008 ጀምሮ ቱሪንግ የሚባሉት የረጅም መንገድ ሞዴሎች የኋላ መዘውር ላይ ምት የሚያለዝብ ላስቲክ መጥቷል። ይረዳል፣ አልክድም። በመንዳት ላይ ያለውን ምት ይቀንሳል። ሞተሪኖው ሲታገል የሚመጣውን የኋላ ምት ግን አያየውም። ያ ምት ጎማው ጋ ሳይደርስ ፕራይመሪው ውስጥ ነው የሚያልቀው።

እኔ ራሴ በድርቁ ስፕሮኬት ነድቻለሁ። ከ2,500 ዙር በላይ ግሩም ነው፣ ነዳጅ ስትሰጡት ወዲያው ይመልሳል። ከዚያ በታች፣ ትራፊክ ውስጥ፣ ጥርሴ ይነቃነቅ ነበር። ለማን ይሆናል ታዲያ? ኮሎው ተበይዶ ወይም ተስተካክሎ ለተሠራለት፣ ዙር ከፍ አድርጎ ለሚነዳ፣ ኮምፕሬሽን መልቀቂያ (ሲነሳ የሲሊንደሩን ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ) ለገጠመ ሰው። ለሌላው አይሆንም።

ካቴናውን በቀበቶ የመተካት ሐሳብም አለ። ፕራይመሪውን ደረቅ ማድረግ፣ ፍሪሲዮኑን መቀየር፣ ብዙ ሥራ። ለኮምፔንሴተር ችግር ብሎ እዚያ መሄድ ቁንጫ ለመግደል ቤት ማቃጠል ነው።

እኔ ብሆን

ከተማ ውስጥ ብዙ የምታቆሙና የምታስነሱ ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ባትሪ ላይ አውሉ፣ ከዚያ የፋብሪካውን የቅርብ ኪት። ሩቅ መንገደኛ ከሆናችሁ ኪቱን ከተሻለ መወጠሪያ ጋር። ሞተሩ በኮምፕሬሽንም በጉልበትም አድጎ ከሆነ የሌላ አምራች ኮምፔንሴተር ከኮምፕሬሽን መልቀቂያ ጋር፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ሥራ ነው። ሞተር ሳይክሉን ልትሸጡት ነው? እንግዲህ ቢያንስ ለገዢው ንገሩት።

ሚልዎኪ ኤይት የተባለው የሃርሊ ሞተር ባለቤቶች፣ ከ2017 ወዲህ ያላችሁ፣ እናንተም ኮምፔንሴተር አላችሁ። ዕቃው ሌላ ነው፤ የዘይት፣ የባትሪና የዙሩ ነገር ግን አንድ ነው።

ስትገጥሙ

ፕራይመሪ ካቴናው መፍቻ ማያያዣ የለውም። ስለዚህ ኮምፔንሴተሩ፣ ካቴናውና ፍሪሲዮኑ ሦስቱ አንድ ላይ ነው የሚወጡት፣ አንድ ላይ የሚገቡት። ባትሪውን ሳትነቅሉ እጃችሁን አታስገቡ። የፍሪሲዮኑ መሐል ዳዶ ፊለቶው ግራ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ይህን ሳያውቅ በቧንቧ አስረዝሞ የታገለ ሰው አውቃለሁ። የኮምፔንሴተሩ ብሎን ግን እንደ ማንኛውም ብሎን ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው በተቃራኒ መፈታታቸው ያናድዳል፣ ግን እንዲያ ነው።

ብሎኑ ላይ እኔም ተቀጥቻለሁ። አንድ ጊዜ የቀድሞውን ማጣበቂያ ከጉድጓዱ ሳላጸዳ አዲሱን ብሎን አስገባሁ። ቶርክ ሬንቹ ልኩን አሳየኝ። ያሳየኝ ግን የተዝረከረከውን ማጣበቂያ ትግል ነበር እንጂ የብሎኑን ጥብቀት አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መንኳኳቱ ተመለሰ። ስከፍተው ኮምፔንሴተሩ እንደ አዲስ ነው። ብሎኑ በእጅ ይዞራል። የዲናሞው ማግኔት ስፕላይኑ ተፍቆ የዓሣ ጥርስ መስሏል። ለአሥር ደቂቃ ጽዳት የሰነፍኩበት ዋጋ አዲስ ማግኔት ሆነ።

ስለዚህ ፊለቶውን በብሩሽና በማጽጃ አጥቡ፣ አድርቁ። አዲስ ብሎን፣ አዲስ ቀይ ማጣበቂያ። ብሎኑ ከ180 ኒውተን ሜትር በላይ የሚጠይቅ ነው፤ ትክክለኛው ልክ በስሪቱ ስለሚለያይ የእናንተን ዓመት መመሪያ እዩ። በብዙዎቹ መመሪያዎች ላይ አጠባበቁ በሦስት እርምጃ ነው። በመጀመሪያው ልክ ታጠብቃላችሁ፣ ግማሽ ዙር ትመልሳላችሁ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ልክ ትሄዳላችሁ። መሐለኛዋን እርምጃ የሚዘል መካኒክ ካያችሁ በትሕትና አስቁሙት። በአየር መፍቻ ማጥበቅማ አይታሰብም።

እግረ መንገዳችሁን መወጠሪያውን ቀይሩ። ወደ ኋላ የማይመለሰው ዓይነት ከሆነ በእጅ የሚስተካከል ወይም ሄይደን የተባለው አምራች እንደሚሠራው ያለ በሞላ ብቻ የሚሠራ አስገቡ። የሄይደኑ ሞላ ይገፋል፣ ይመለሳል፤ በጥርስ አይቆለፍም። የካምቢዮውን ኩሽኔታ በጣት አዙሩት፤ ከጎረበጠ ወይም ከሞቀበት ሰማያዊ ከሆነ እሱም ይቀየር። ከመዝጋታችሁ በፊት ዳገቶቹን በፕራይመሪ ዘይት ቀቡ። ደርቆ የተነሳ አዲስ ዕቃ የመጀመሪያዋን ደቂቃ በመቃጠል ነው የሚያሳልፋት።

ከዚያ ንዱት። ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሱ። ስታስነሱ ቁልፉን ነካ ነካ አታድርጉ፤ ሞተሩ እስኪይዝ ጫን አድርጉ። 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዱ ዘይቱን አውርዱና ማግኔት ያለበትን የማፍሰሻ ቡሽ በብርሃን እዩት። እንደ ጥቁር ግራጫ ቅባት የሚጠረግ ካለበት ችግር የለም፤ አዲስ ብረት ሲላመድ የሚያወጣው ነው። በሁለት ጥፍር መካከል የሚያዝ ስንጥር ካገኛችሁ ግን ቡሹን አትመልሱ። ሽፋኑን እንደገና ክፈቱ።